የያን መሳቢያ

ክረምት ነው፤ ጦሳ ጭጋጉን ተከናንቧል፤
ጋሪው ሸዋ በር ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሟል።
ሙሄ ወጣ፣ አየ፦ ሸራ የለበሰ
ቁምሳጥን ነው፤ አንድ እግሩ የበሰበሰ።
የሆላንዱ ሐኪም ሲሄድ የተወው፣
ከክሊኒኩ ዕቃ ጋር ሐራጅ የወጣ ነው፤
በማገዶ ዋጋ ዘርትሁን ገዝታ፣
«እግሩን ብቻ» ብላ ሄደች ለሱ ትታ።

ሙሄ ዞረው። ደግሞ ዞረው።
እጁን ሰደደና ሆዱን ዳበሰው።
«ይህ ነገር አብጧል ወይስ አርግዟል?
የትኛው ሰካራም በቱንቢ ቀልዷል?»
አርባ ዓመት እርሳሱ ከጆሮው ሳይወርድ፣
ሐቅ ለሱ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ቱንቢ ገመድ፤
የጎበጠ እንጨት ካየ ያስተካክላል፣
ካልሆነም ይፈልጣል።

መምህር ፈንታው ሲያልፍ ቆሞ ነገረን፦
አምስተርዳም በሚሏት የውሃ ከተማ፣ መቶ ዓመት ሆነው፣
ቀጥ ያለ መስመር የሰለቻቸው ሰዎች ነበሩ፤
ጡቡን እንደ ሊጥ፣ እንጨቱን እንደ ማዕበል አዞሩ።
ሙሄ ሳቀ። «ባሕር ያለው ሰው ምን አለበት!
እኛ ያለን አዝዋ ነው፣ ቀጥ ብለው የሚወርዱበት።»

ሌሊት ላይ ግን አየሁት፤ ፋኖስ አስጠግቶ
አንድ ሚስማር ፈለገ፤ አጣ። ጎንበስ ብሎ፣ ገብቶ
መጋጠሚያውን ፈተሸ። ጥርስ ለጥርስ ተናክሷል፤
ፀጉር አያስገባም፤ እንጨት ከእንጨት ታርቋል።
ከመሳቢያው ሥር፣ ማንም በማያየው በኩል፣
በእርሳስ ሦስት ፊደል።

«ጃን» ብዬ አነበብኩ፣ ሙጫ አፍይው እኔ።
ፈንታው በማግሥቱ አረመኝ፦ «ያን ነው በነሱ ቅኔ፤
የአናጢው ስም ነው።»
«ያን?» አለ ሙሄ። «ያን የትኛውን?»
ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ያየው የእርሳሱን
ጫፍ ነበር፤ ተጭኖ መጨረሻው ላይ የተሰበረ።
እንደሱው ቸኩሎ፣ በምራቁ አርሶ የጻፈ ሰው ነበረ።

እግሩን ከዋንዛ ቀረፀ። አንደኛው ተሰነጠቀ።
ሁለተኛው ቀጥ አለ፤ እጁ እንዳልታዘዘው ዐወቀ።
ሦስተኛውን ሲጀምር ሐይቅ ትዝ አለው፣
ያደገበት፤ የታንኳው አፍንጫ ውሃውን ሲነካው።
በዚያ ልክ ጎበጠ።

አንድ የአንቲካ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር በቀደም፤
ገንዘብ ዘረገፈ። ዘርትሁን ንቅንቅ አላለችም፦
«በርበሬዬንስ የት ላድርገው?»
እሱም መሳቢያውን ሳይገለብጥ ሄደ።

ከሦስቱ ፊደል ሥር ግን፣ አሁንም አለ፣
በሙሄ ጠማማ ጽሕፈት፦
«ያን ሠራው። ይህን ሙሄ።»