ከግራ የተጀመረ

አፉላ። ማክሰኞ ማታ። የኡልፓኑ ሁለተኛ ክፍል፤
የሸለቆው ነፋስ በረንዳው ላይ የሱፍ ገለባ ሲያንከባልል።
ዐሥራ አንድ ሽማግሌ፣ ሦስት ባልቴት፣ አንድ የሚንሾካሾክ መብራት፤
እኔ ከኋላ፣ የዘጠኝ ዓመት አስተርጓሚ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ መብት።

አያቴ ቄስ ጀጃው፣ በሰባ አንድ ዓመቱ፣ ጥምጣሙን አላወለቀም፤
ጭራውን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ቀና ብሎ ማንንም አላየም።
ቅጹ ላይ የሠፈረው፦ «ትምህርት፣ ዜሮ ዓመት»።
እሱ ዳዊት ደጋሚ፣ በግዕዝ ኦሪት አንባቢ በየሰንበት።
የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ «ምን ተምሯል?» ስትል «ምንም» አልኩ፤
ቃሉ አጭር ነበረ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ቸኮልኩ።

መምህርቷ ኖጋ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ሰክታ ያሰረች፣
ሰሌዳው ላይ በሰማያዊ አንድ ጠማማ ምልክት አኖረች።
«አሌፍ» አለች።

ክፍሉ አጉረመረመ። አያቴ ጭራውን አነሣ፤
«ቤት» አለ ቀስ ብሎ፣ ዕቃ የቀበረበትን ስፍራ እንዳልረሳ።
«ጋሜል። ዳሌጥ። ሄ። ዋው። ዛይ።»
ኖጋ ወደ እኔ ዞረች፤ የኔ ዓይን ጣሪያው ላይ።
«ሔት። ጤት። ዮድ። ካፍ...» እያለ እስከ ታው ወረደ፣
በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ እግሩ እንደለመደ።

«ማን አስተማረህ በይው» አለችኝ። ጠየቅኩት።
«መቶ ዐሥራ ስምንተኛው መዝሙር» አለ፤ እንደ ሰፈር ስም ሰማሁት።
«በየስምንቱ ስንኝ ራስ ላይ ተቀምጠው፣ በቀይ ቀለም፣
አምሳ ዓመት በየማለዳው ጠራኋቸው፤ መልካቸውን ግን አላየሁም።»
ተነሥቶ ሄደ። ሁለተኛዋን በጭራው ጫፍ ነካት፤
«ቤት የሚሏት ይህች ናት?
በሯን በግራ ከፍታ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?
ቤተ እስራኤል ስንባል፣ ለካ ይህችን ነው
ሳናያት ተሸክመን የመጣነው።»

እኔ ትርንጎ ነኝ። ትምህርት ቤት ግን «ታሊ» አሉኝ፤
ስሜ ምላስ ያደናቅፋል ብለው፤ እኔም ወደድኩት፣ ማን ከለከለኝ።
በዓለ መጸለት ሲደርስ አያቴ ከገበያ እየሣቀ መጣ፤
አንድ ቢጫ ፍሬ አይቶ፣ በሣጥን፣ በጥጥ የተጠቀለለ፣ ዋጋው ጣራ የወጣ።
«ስምሽን ሲሸጡት አየሁ» አለኝ፤ «አንዷን በመቶ ሸቀል፤
ሰውየው በአጉሊ መነጽር እንከን ሲፈልግባት ይውላል።
አንቺ ታሊ ሆነሽ በነፃ ትሄጃለሽ።»

በሰኔ ተፈተነ። ወደቀ።
ሃያ ሁለቱንም ጽፏል፣ አንዲት ሳያጎድል፣ ሳያዛባ፤
ግን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ለግዕዝ እንደሚገባ።
ኖጋ «እንዴት ብዬ ልንገረው?» አለችኝ በሹክሹክታ፤
እሱ ቀዩን መስመር እያየ ፈገግ አለ ለአንድ አፍታ፦
«እኛ ዘንድ በቀይ የሚጻፍ የቅዱሳን ስም ነው።
ንገሪያት፤ እሷ ከቀኝ ትነሣ፣ እኔ ከግራ፤
መሐል ላይ እንተያያለን፤ እስከዚያ ድምፅ እንጠራራ።»
ይህን በቁሜ ተረጎምኩ። ሙሉውን።
አውቶቡሱም ሄደ።

በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙን ከቀኝ ጀምረው ቀረጹለት፤
እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ያልደፈርኩትን፣ አሁን የልጆች እናት፣
በጠጠር ጫፍ ከግራ በኩል ሦስት ፊደል ጫርኩበት፤
ጀ። ጃ። ው።
ጽሕፈቴ የልጅ ይመስላል፤ ክረምቱ ሊያጥበው ይችላል።
ልጄ «ማን ያነበዋል?» አለችኝ፤ የሱፍ ፍሬ በጥርሷ እየፈለቀቀች።
አልመለስኩላትም። በሁለቱ ስም መሐል ድንጋዩ ባዶ ነው፤
ስፋቱን በጣቴ ለካሁት።
አራት።