የስንቅ መንገድ

ከቢቸና ገበያ፣ ከወፍጮ ቤት በላይ፣
ሦስት ሴት ተማሪ በአንድ ክፍል ኪራይ፤
አንድ ፍራሽ፣ አንድ ኩራዝ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፤
የእኔ አገር ማዶ ነው፣ ከተሻገሩ ሱሃ።

ባንቻየሁ ሌሊት ነው፤ እግሯን ሳፋ ከታ
እንቅልፍን ታባርራለች በብርድ አስፈራርታ።
ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ባዮሎጂው ይገባል፤
ንጋት ላይ ስትጠየቅ ሁሉም ይወጣታል።

የሻረግ ያለ ጩኸት መስመር አይገባትም፤
ኬሚስትሪን እንደ ዳዊት ሳትደግም አትተኛም፤
ወፍጮው ቢያጓራ እንኳ እሷን አይበልጣትም።

እኔ?
ሁሉንም ሞከርኩት።
እግሬን ሳፋ ነከርኩ፤ ጉንፋን ነው ያተረፍኩት።
ጮኼ አነበብኩና፣ የገዛ ድምፄን ሳደምጥ
ትርጉሙ ሾልኮ ሄደ፣ ውሃ ከወንፊት ሲያመልጥ።
በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ
አሰመርኩ፤ ደብተሬ እንደ ሙሽራ አጊጦ ወጥቶ
እኔ ግን ባዶዬን፣ ሚዜ እንኳ አልሆንኩለት፤
ፈተናው ሲመጣ ስሜን ብቻ ጻፍኩበት።

ፊዚክስ፦ ሠላሳ አራት።
መምህር ይበልጣል አይተው፣
«አላነበብሽም» አሉ፣ መነጽር ዝቅ አድርገው።
ዓይኔ በርበሬ መስሎ፣ ሦስት ሌሊት ያልተከደነ፤
ምን ብዬ ልመልስ? የቀላ ዓይን ምስክር ካልሆነ።

ስንቅ ባለቀ ቅዳሜ አገሬ እሄዳለሁ፣
አምስት ሰዓት መንገድ፤ ብቻዬን አይደለሁ፤
ገበያተኛ አለ፣ አህያ አለ፣ አቧራ፤
ያን ዕለት ግን ከንፈሬ ከራሱ ጋር ሲያወራ፣
ወረቀቱን በነጠላ ቋጥሬ ከከተማው ስወጣ፣
«የቆመ እንደቆመ ነው፣ የሚገፋው ካልመጣ»
አልኩና አየሁ ከፊቴ፣ ከጣውላ ቤቱ በራፍ፣
ገትራ የቆመች አህያ፣ ባለቤቷ ሲለፈልፍ።
ሳቅሁ።
አንደኛው ሕግ እዚያው ቀረ፣ ከአህያዋ ጋር ታስሮ፤
ሁለተኛው አቀበት ላይ፣ ጋሪ ከነጭነቱ ተገትሮ፤
ሦስተኛው ሱሃ ላይ፦ ድንጋይ ረግጬ ስዘል
እኔን ወደፊት ጣለኝ፣ እሱ ወደኋላ ሲንከባለል።
ቀሚሴ እስከ ጉልበት ራሰ።

ድርቆሽና ሽሮ አዝዬ እሑድ ስመለስ
ሦስቱም በየቦታው ቆመው ጠበቁኝ፣ እስክደርስ።
አህያዋ ሄዳለች፤ ግን ገትራ የቆመችበት
ጭቃው ኮቴዋን ይዞ ደርቆ፣ አንደኛው ሕግ አለበት።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን እንደ ደብተር ሞላሁት፦
ከእነ ይመኑ አጥር ሥር ሶዲየምን ተከልኩት፤
ልብና ደም ሥሩን ሁሉ በመስኖው ቦይ አፈሰስኩት፤
ሎጋሪዝምን፣ ያንን ክፉ፣ ያንን እንቢተኛ፣
ውሻ ካለበት ቤት አሰርኩት፤ እዚያ ማንም አይተኛ።

«የአዝመራው ልጅ» አሉ ሰዎች፣ «ብቻዋን ታወራለች»፤
እናቴ ጠበል ልትወስደኝ ሰኞን ቀጥራ ቆየች።
ባንቻየሁም አንዴ መጣች፤ እግሯ ተላጠ፣ አለቀሰች፤
«የእኔስ ሳፋ ይሻለኛል» ብላ ወደ ውሃዋ ተመለሰች።

ሐምሌ ላይ በአውቶብስ ደብረ ማርቆስ ወሰዱን፤
የማናውቀው አዳራሽ ውስጥ አራርቀው አስቀመጡን።
ባንቻየሁን አየኋት፦ ጫማዋን አውልቃ፣
እግሯ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ፣ ፊቷ በብርዱ ነቃ፤
የሻረግ ከንፈሯ ብቻ፣ ድምፅ አልባ፣ ይሯሯጣል፤
እኔ? ወንበሬ ላይ ነኝ፤ እግሬ ግን ይራመዳል።
አህያዋ አለች። ጋሪው አለ። የሱሃ ድንጋይም አለ።
(ውሻው ሲያባርረኝ ግን
ግማሹ ሎጋሪዝም እዚያው ቀረ፣ ተጣለ።)

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው፤
«እንዴት ነው የሚጠናው?» ይለኛል፤ ምን ልበለው?
የእኔን መንገድ አሳየሁት፤ ግማሹን ሄዶ ደከመው።
ትናንት ግን በበረቱ ግድግዳ ላይ፣ በከሰል ሴል ስሎ፣
ኒውክለሱን የዶሮ እንቁላል አክሎ፣
አዲስ የተመረገውን አጥቁሮ አገኘነው።
እናቴ ጭራሮ አነሣች።
«ተይው» አልኳት፣ «እያጠና ነው።»