የሪፈራል መንገድ

ከፒያሳ ሪፈራል
ሰው አስር ብር ይከፍላል።
እኔን ያው መንገድ ዘጠኝ ዓመት በላኝ፤
ሂሳቡ አልተዘጋ፣ መልሴንም አልሰጠኝ።

"ሰባት ነው" ነበር ያሉን ሲጀመር።
አባቴ በጣቱ ቆጠረ፤
አንድ እጁ ሞላ፣ ከሌላው ሁለት ጨመረ።
"ሰባት ምን አላት? ቡናው ሰባቴ ቀልቶ ሲለቀም
ዱሬቴ ዶክተር ነች፤ ከዚያ ወዲያ የሚያመን የለም።"

መጀመሪያ በሬው ሄደ፣
ለፍራሽ፣ ለሻንጣ፣ ለነጭ ጋዋን።
ቀጥሎ ለጣሪያ የተገዛው ቆርቆሮ፣ ሠላሳ ሁለት ቅጠል፣
መጽሐፍ ሆነ፤ እሱም ፎቶ ኮፒ፣
ጉበቱ ከሳንባው የማይለይ፣ የደበዘዘ ምስል።
ቤታችን እስከ ዛሬ ሸራ ለብሶ ያድራል።
የሚሸጥ ሲጠፋ እኔ ቀረሁ፤
ከአስረኛ ክፍል ዴስክ ተነስቼ
የሰው ባጃጅ ላይ ተቀመጥሁ።

በሽታው መጣና ግቢው ተዘጋ፣ አንድ ዓመት።
ሌላው በምን እንደሄደ
እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት።
ሰባት ማለት ዘጠኝ መሆኑን
የቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሜ ተማርኩት።
ሽማግሌ ልላክ ስል "እሷ ትመረቅና" አሉኝ፤
ዳንቺሌ ሁለት ፍቼ ጠበቀችኝ፣
በሦስተኛው ይርጋለም ተዳረች።

አምና ዱሬቴ የወጪ መጋራት ቅጹን አሳየችኝ፤
ምግብ ይህን ያህል፣ መኝታ ይህን ያህል፣
ተደምሮ፣ ማኅተም አርፎበት።
አገላበጥኩት።
የበሬ ረድፍ የለበትም።
"ምን ትፈልጋለህ?" አለችኝ።
"ምንም። ጽሑፉ ደቆብኝ ነው።"

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከአላሙራ ግርጌ፣
ምጥ የጠናባት ሴት ጫንኩ።
ጉድጓድ በመታን ቁጥር ባሏ ይረግመኛል፣
ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ይለኛል።
ደረስን። በሩን የከፈተችው ጓንቷን እያጠለቀች፣
ቀና ሳትል፣
"አስታማሚ ውጭ!" አለች።
ድምፁን አውቀዋለሁ፤
መብራት ሲጠፋ "ላቲሶ፣ የት ነህ?" የሚለው ነው።
ወጣሁ።
ደስ ሳይለኝ አልቀረም፤ ደረቴ ግን ተወጋ፤
እንደ ማንም አስታማሚ፣ ውጭ ቆሜ ነጋ።

አባ ኮዳዎቹ ግራሩ ላይ ክንፋቸውን ሲዘረጉ
ውስጥ አንድ ሕፃን አለቀሰ።
"ስንት ልስጥህ?" አለኝ ባልየው እየሮጠ መጥቶ፤
"ዘጠኝ ዓመት" ልለው ነበር።
እሷም ወጣች፣ ጋዋኗን ደም ነክቶት፣
ዐይኗ እንደ አባቴ ቡና ቀልቶ።
"ላቲሶ! መቼ መጣህ?"
"ሌሊት። አስታማሚ ነበርኩ።"
አልሰማችኝም።
"ለቁርስ አለህ?" አለች፤ "ደመወዝ አልገባም።"

ፓስቲ ገዝቼ ስመለስ
ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣
አፏን ከፍታ ተኝታለች።
ሰዎች መጡ። "ፒያሳ ነህ?" "በፒያሳ ነው?"
ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር፣ አንድ እንቅልፍ።
"ሞልቷል" አልኳቸው።