ገበር

የፊቴን ግማሹን የሚከድን ልመርጥ፣
ረምዚ ደጅ ቆሜያለሁ፣ መኪና ግርግር ውስጥ።

«ይቺ ብርቱካኗ ለሰርግ ትሆናለች፤
ይቺ ባለ ጭረት ቢሮ ታስከብራለች፤
ያቺን የወሰደች ትናንት ተመለሰች፣
ባሏ አላወቃትም፤ ደስ ብሏት ደገመች።»

ከጆሮ እስከ ጆሮዬ ሜትሩን ዘረጋና
«ሳቂ» አለኝ። ለምን? «ጉንጭ ይነሳልና፤
ሳቅሽን ሳልለካ ጨርቁን ከቆረጥኩት
አፍንጫሽ ይወጣል።»
                    ስቄ አስለካሁት።

የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ድምፄ የማይሰማ፣
ከገላዬ ጋራ ቀለም የማይስማማ።
ከጥቅሉ ሥር ግን ቀይ አበባ ወጣ፤
ዐይኔ እዚያው ቀረና ምላሴ ቃል አጣ።

«ጥቁሩን በውጭ አርገው፣ አበባውን ገበር።»
«ማን ሊያየው፣ እህቴ? እንዲያው ሊቀበር?»

«ከንፈሬ» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆረጠ፣ ጠርዙንም አዞረ፤
ለዚህች ለገበሯ አሥር ብር ጨመረ።

ፈረስ መጋላ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ቆሜ፣
ሰው ጥቁሩን ያያል፤
                    እኔ፣ አበባ ስሜ።