ተቆራጭ

ዳኛው ቀለብ ቆረጡ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ፤
እሱ ትኬት ቆረጠ፣ ለደወሌ ባቡር፣ ሌሊት ተነሥቶ።
እኔ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሦስት ክረምት ደቻቱ እያጓራ መጣ፤
ሲነጋ አሸዋ ብቻ፣ የውሃ ዘር ታጣ።
የአፈጻጸም ችሎት በረንዳ ላይ፣
መዝገቤን ታቅፌ፣ ስንት ሐሙስ ዋልኩ።

ተገኘ። መልካ ጀብዱ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ፤
ደሞዙ በትእዛዝ ተያዘ፤ ለካ
ሰው ቢጠፋ እንኳ ፔሮል አይጠፋም።

አሁን፣ ወሩ ሃያ ሰባት ሲል፣ ስልኬ ጢን ይላል፤
«ገባ» ስል ለራሴ፣ ሚፍታህ ይሰማኛል።
ደብተሩን ወርውሮ፣ በሩን በርግዶ፣
ግራ ቀኝ መንገዱን እያየ፣
«አባዬ ነው?» ይላል።

ብሩ ነው፣ ልጄ።
ዝጋው፤ አቧራ ይገባል።