ሁለት እርሳስ

የሕይወት ታሪኩን ጻፍ አሉኝ፣ ለምረቃው ቀን የሚነበብ፤
«ሒሳቡን አርባ ዓመት ይዘሃል፣ ከአንተ ወዲያ ማን ይቅረብ?»
እሺ።

መጀመሪያ አህያ ነበረችው፣ አንዲት፣ ጆሮዋ የተቀደደ፣
ከሞላሌ መሐል ሜዳ በውርጭ ከእሷ ጋር የነጎደ።
ሱፍ ይገዛል። የመንዝ በግ ሱፍ፣ ጥቁር ነጩን ሳይለይ፣
ጭቃና አሜኬላውን አራግፎ፣ በጣቱ ፈትሎ ጥንካሬውን ሊያይ፤
ሚዛኑን የሰቀለው ከገበያው ዳር፣ ከዘመመች ባሕር ዛፍ ላይ።

ከዚያ እኔን ቀጠረ፣ አጎናፍር። ስምንተኛ ጨርሼ፣ ሥራ የለኝ፤
አንድ እርሳስ በጆሮዬ ሰካና «ጻፍ» አለኝ።
ሌላው እርሳስ ግን ቀልጦ የኪሎው ሆድ የጠጣው፣
«አንድ» ተብሎ ከገበሬው ጆንያ አንድ ከሩብ የሚያወጣው።
አየሁ። በሁለተኛው ሳምንት።
ቀና ብዬ አየሁት፤ አየኝ። ጻፍኩ፣ በዚያው ቅጽበት።

በጉ ያለቀበትን ዓመት አልረሳም፤ ሰው ቆዳ ይዞ ተሰለፈ፤
ዋጋውን በግማሽ ሰበረ። እኔ «ትርፍ» ብዬ ጻፍኩ፣ መስመሩም አለፈ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፣
ያው ነው፣ በየአዳራሹ የሰማችሁ፦
አህያዋ አይሱዙ ሆነች፣ አይሱዙው ስድስት፣
ደብረ ብርሃን መሬት ተመራ፣ ከመንገዱ ግራ፣ ካርታ ያላት፤
ማሽኑ ከጅቡቲ ተነሥቶ ጣርማ በርን በጭጋግ ወጣ፣
ሹፌሩ ዋሻው አፍ ላይ ስለት ተስሎ፣ ሳይገለበጥ መጣ።
ብርድ ልብስ ተሠራ፤ ባለ ነብር፣ ባለ አንበሳ፣ ባለ ጽጌረዳ፣
ከጎሬ እስከ ጅግጅጋ ሰው ተኛበት፣ ሙሽራም፣ ባለ ዕዳ።
ባንክ ውስጥ አክሲዮን፣ ቦሌ ላይ ፎቅ፣ እጁ ላይ የወርቅ ሰዓት፣
ሰላምታውም እንደ ብድር፣ ወለድ ያለበት።

ኪሎው ግን
ከቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ወረቀት ይዞ፤
እንግዳ ሲጠይቀው «ማስታወሻ ነው» ይላል፣ ተክዞ።

ሚስቱ ካረፈች በኋላ ነው፣ ወይም ያን ክረምት፣ በትክክል አላስታውስም፣
ሌሊት ደወለ። «ደብተሮቹ አሉ?» «አሉ።» «አንዱም አልጠፋም?» «አንዱም።»
አይጥ የቀመሳቸው፣ ሻጋታ የያዛቸው፣ የእኔው ጽሕፈት፣
ስም፣ መንደር፣ ኪሎ፣ ብር፤ የአሥራ አንድ ዓመት።
ሦስት ሌሊት ደመርን። ሩብ በሩብ፣ ሱፍ በሱፍ፤
ንጋት ላይ ቁጥሩ ወጣ። መነጽሩን አውልቆ አለ፣ «እፍ።»

ልጁ ይህን ሲሰማ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ተቆጥቶ፤
«አንኮበር ላይ ሎጅ ይሠራ ነበር ይኸ ብር» አለ፣ ስልኩን አውጥቶ።
አባቱ ሳቀ። «አንተም ደምር፣ ግን ከታች ጀምር፤
ከአህያዋ ጆሮ፣ ከባሕር ዛፏ፣ ከመጀመሪያዋ ብር።»

ክሊኒኩ ይኸው ነው። ያ ቁጥር ነው፣ ከነወለዱ የተሠራው፣
ማዋለጃው፣ ላቦራቶሪው፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ ጣራው፤
ሪባን ሳይቆረጥ ገና፣ ሕመምተኛ ደጁን ሞላው።
ወረዳው በስሙ ሊሰይም ሰሌዳ አዘዘ፤
«በጎ አድራጊው» የሚለውን ሲያነብ፣ ዓይኑ ፈዘዘ።
«አጥፉት» አለ። «ዕዳ የከፈለ ሰው ቸር አይባልም፤
ለበጉ ሱፉን የመለሰ፣ ‹አለበስኩህ› አይልም።»

በቃ፣ ያን ያህል ካለ ይቀለዋል ብዬ ነበር፤
እትዬ በለጥሻቸው ግን መጡ፣ በምርኩዝ፣ ከጓሳ ሜዳ ዳር።
«ሐኪም ቤቱ ደግ ነው» አሉ፣ «ለወለደችም፣ ላልወለደችም፤
እኔ ግን የሸጥኩት ሱፍ ነው። ሐኪም ቤት አልሸጥኩም።
የእኔ ሩብ የታል?»
ዝም አለ። እኔም። ጥግ ያለ ሕፃን ብቻ ሲያስል ይሰማል።
ደብተሩን ገለጥኩ፤ ገጽ ሠላሳ ሁለት፣ በለጥሻቸው ወልደጻድቅ፣
አርባ አራት ኪሎ፣ በሦስት ጊዜ፤ ጽሕፈቱ ደብዝዞ ሊያልቅ።
አሥራ አንድ ኪሎ ይመጣላቸዋል። በዛሬ ዋጋ፣ ከኪሱ
ቆጠረላቸው። እሳቸውም ቆጠሩ፣ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ።
አልመረቁትም። አልረገሙትም። ነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና
«አሁን ሐኪሙን አሳዩኝ» አሉ፣ «ጉልበቴን ያመኛልና።»

ንግግሩ ይኸው ነው፤ ለመድረክ አይሆንም፣ አውቃለሁ፣
ሌላ ጸሐፊ ካገኛችሁ፣ ደብተሩን አስረክባለሁ።
አጎናፍር የእርሳሱን ዕዳ ከፈለ፤
የእኔው እርሳስ ግን፣ ይኸው፣ ከጆሮዬ ላይ አለ።