በሞተርና በካምቢዮ መሃል

ከዚራ ሜዳ ነው፣ ጥላ የተነጠፈ፤
እዚያ ሲፈተን የቱ አሮጌ መኪና ነው ያላለፈ?
«ንጂው አቦ!» አለኝ ታጁዲን፣ ቁልፉን እያቀበለ፤
ነዳሁት፤ ከዛፍ ዛፍ እንደ ውኃ ተንከባለለ።
ነጭ ሱዙኪ፣ ሦስት ባለቤት ያየ፤
ደላላው ከኋላ ወንበር ሞተሩን እያዳመጠ ጸለየ።

የዘጠና ቀን ዋስትና፣ ከነማኅተሙ፣ በካርኒ ጀርባ፤
«ሞተርና ካምቢዮ» ይላል፤
ሌላው ሁሉ የገዢው ነው፣ መኪናው ግቢዋ ከገባ።

በአርባ አንደኛው ቀን ሳሙናና ማካሮኒ ጭኜ
ደንገጎን ስወጣ፣ የሐረር ዱቤዬን ልሰበስብ ተማምኜ፣
ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው አልሰማም፤
ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፤ ፍሪሲዮኑ «ከማንም ጋር አልስማማም»።
ከኋላዬ ሲኖትራክ ያጓራል።
የማላውቀው ልጅ ሮጦ ከጎማው ሥር ድንጋይ ጣለ፤
አሽትቶ «ፍሪሲዮን ነው»፣ ቀጥሎም «ነፍስ ይማር» አለ።

ታጁዲን ወረቀቱን ከእኔ ይልቅ በቃሉ ይዞታል፤
«ሞተር ነው?» አይደለም። «ካምቢዮ ነው?» አይደለም። «ታዲያስ?» ይላል።
«ፍሪሲዮን እንደ ጫማ ነው፤ በረገጠው ሰው እግር ያልቃል፤
ይሄን ያቃጠለው ያንቺ እግር ነው፤ ሰንደልሽ ራሱ ያውቃል።»

እግሬን አየሁት። አቧራ ብቻ ነው።

የማያልቅ ምን አለ ታጁ?
የማኅተምህ ቀለም ያልቃል፤ ዘጠናው ቀን ራሱ ያልቃል፤
የሚያልቀውን ካልዋስክ፣
የማያልቀውማ ዋስ ምን ያደርግለታል?

ያን ሌሊት ስለዚያ ክብ ብረት ሳስብ አነጋሁ፤
በሞተርና በካምቢዮ መሃል ያለ፣ ከሁለቱም ያልተቆጠረ፤
ሲይዝ ጉልበቱ የሞተር፣ ፍጥነቱ የካምቢዮ፣
ሲቃጠል ግን ብቻውን ያረረ።
እኔስ? ከፋብሪካው በዱቤ፣ ለባለ ሱቁ በዱቤ፤
መሃል ላይ የምፋተገው እኔ፤ እንዲህ አልኩት ለልቤ።

በማግስቱ ሳቢያን፣ ኡመርዲን ካምቢዮውን አወረደ፤
ዲስኩን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቱን አሸተተ፤ እንደገና ወደ ጉድጓዱ ወረደ።
«የእግር አይደለም» አለኝ ከታች፤ «ዘይት ነው፤ ይኸው ረጥቧል፤
ፓራኦሊው ለቆ፣ ከሞተሩ ስንት ጊዜ ተንጠባጥቧል!»

ሞተር!
ያን ቃል እንደ ደረሰ የሎተሪ ቁጥር ደጋገምኩት፤
ዲስኩን በፌስታል ቋጥሬ ታጁዲን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።
ዘይቱ ከፌስታሉ ሾልኮ የሻዩን ብርጭቆ ከበበ።
ታጁዲን ቬንትሌተሩን አየ፤ ዘይቱን አየ፤ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ።

«እውነት ነው» አለ፤ «ሞተር ነው። ፓራኦሊው የኔ ነው፣ ወላሂ።
ዲስኩ ግን የራስሽ ነው፤ እሱ ወረቀቱ ላይ የለም።»
ስድስት መቶ ብር ቆጠረ።
የዲስኩ ዋጋ አሥራ አንድ ሺ ነው።

መሳቅ አማረኝ። አልሳቅኩም።
«ደረሰኝ ጻፊልኝ» አለ፤ ሰው ነውና ይጠነቀቃል።
ጻፍኩ፦ «በሞተሩ ጥፋት ምክንያት ከሻጩ የተከፈለ።»
ሳያነብ ፈረመ። ማኅተሙንም አሳረፈ፤ ደምቆ፣ ቀለሙ ሳያልቅ።

ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ፤
ፌስታሉን አነሣሁ፤ ዲስኩ አሁንም ይሸታል።
ዛሬ አርባ ሁለተኛው ቀን ነው፤
ገና አርባ ስምንት ይቀረኛል።